ኮሜንዩስና የእናት ጭን ትምህርት ቤት

የሕፃን ትምህርት በስንት ዓመቱ ይጀመራል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው ፊደል የሚቆጠርበትን ዕድሜ ይጠቅሳል። አራት መቶ ዓመት ሊሆነው ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ አገሩን ያጣ ቄስ፥ ትምህርቱ የሚጀመረው ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ሳለ ነው ሲል ለወላጆች መጽሐፍ ጻፈ። ይህ ሰው ዮሐን አሞስ ኮሜንዩስ ነው፤ የሕይወቱን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ኮሜንዩስ የተወለደው በ1592 ዓ.ም. ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በሚገኘው በሞራቪያ ነው። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱም እናቱም ሞቱበት። አሳዳጊዎቹ ለትምህርቱ ብዙም ስላላሰቡለት፥ ወደ ላቲን ትምህርት ቤት የገባው 16 ዓመት ሆኖት ነው። ያለ ትምህርት ባለፈው የልጅነት ዘመኑ ካደገም በኋላ ይቈጭ ነበር፤ የኋላ ሥራው ሁሉ ከዚህ ቍጭት የመነጨ ይመስለናል።

በጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ የወንድሞች አንድነት የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ቄስ ሆነ። በ1620 ዓ.ም. በነጭ ተራራ ላይ በተደረገው ጦርነት ፕሮቴስታንቶቹ በመሸነፋቸው ስደት ተነሣባቸው። ኮሜንዩስም ይሸሸግ ጀመር። በ1622 ዓ.ም. ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ በወረርሽኝ በሽታ አለቁ። በ1628 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ በፖላንድ አገር ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተጠጋ።

ለወላጆች የሚሆነውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ከወገኖቹ ጋራ በዚህች ከተማ በስደት ሲኖር ነው። ቤታቸውንና ርስታቸውን ጥለው ለወጡ ሰዎች ተስፋቸው ልጆቻቸው ነበሩ። መጽሐፉም ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ያለውን ዕድሜ የእናት ትምህርት ቤት ይለዋል፤ ይህም ትምህርት ቤት በየቤቱ መኖር አለበት ይላል።

ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ሲዘረዝር ግን ከባድ ነገር አያዝም። ሕፃኑ አፉን ሲፈታ እናቲቱ ቃሉን ጥርት አድርጋ ትናገርለት፤ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ቀስ በቀስ ታሳድገው። አፍንጫውን፥ እጁን፥ ዓይኑን እያሳየች ስሙን ትጠይቀው፤ ዓይን ለምን እንደሚያገለግል ትንገረው። ትላንት ያደረገውን ሲያስታውስ ታሪክ መማሩ ነው፤ አልጋውንና የእናቱን ጭን ሲለይ ጂኦግራፊ ጀመረ ማለት ነው። ትርጕሙ ባይገባው እንኳ የእሹሩሩው ዜማና ቤት መምታቱ ደስ ስለሚያሰኘው፥ ግጥምን ከዚያ ይማራል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ጠመኔ ወይም ከሰል ተሰጥቶት ነጥብ፥ መስመርና ክብ እየሣለ ይጫወት፤ እጁ ሲለምድ ፊደል መጻፍ አይቸግረውም። ሕፃን ራሱ ከመናገሩ አስቀድሞ የንግግርን ድምፅ እንደሚለይ የዘመናችን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ኮሜንዩስ ግን ያለ መሣሪያ፥ ልጆችን በመመልከት ብቻ ወደዚሁ ቀርቦ ነበር።

በተለይ የምናደንቅለት፥ ልጅን በመምህር ስም የሚያስፈራሩ ወላጆችን መገሠጹ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ደጃፉን ሳይረግጥ ትምህርትን ይጠላል ይላል። ይህ ማስፈራሪያ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ሆኖም በመጽሐፉ ያለውን ሁሉ አንቀበልም፤ ምክር አልሰማ ያለ ልጅ በመጨረሻ በበትር ይቀጣ የሚል ቃል አለበትና።

በኋላ በሃንጋሪ ሲያስተምር ዝናውን ከሁሉ ይልቅ ያሰፋለትን ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አሰናዳ። በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ታተመ። በመግቢያው የላቲን ፊደል እያንዳንዱ ከሥዕልና ከድምፅ ጋራ ተያይዟል። ቁራው ሲጮኽ አንዱ ፊደል ይሰማል፤ ግልገሉ ሲጮኽ ሌላው፤ አይጧም፥ እንቍራሪቷም እንዲሁ የየራሳቸው ፊደል አላቸው። ልጁ ፊደሉን ገና ሳያውቅ የቁራውን ድምፅ ያውቃል፤ ዘዴው ሁሉ ይኸው ነው።

መከራው ግን አልለቀቀውም። በ1656 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ሌሽኖ ስትቃጠል፥ ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክኛና የላቲን መዝገበ ቃላት አብሮ ነደደ። የቀረውን ዕድሜውን በአምስተርዳም ኖሮ በ1670 ዓ.ም. ሞተ፤ በናርደን ከተማም ተቀበረ።

የእናቶቹ መጽሐፍ በ1633 ዓ.ም. በጀርመንኛ ታትሞ ነበር። ለወገኖቹ እናቶች በገዛ ቋንቋቸው በቼክኛ የጻፈው ግን በብራና ጽሕፈት እንደ ቀረ ቈይቶ በኋላ ዘመን በሌሽኖ ተገኘ፤ በፕራግ የታተመውም በ1858 ዓ.ም. ነው።