ክዊን ለምን መጓዝ አቆመ? የፍሬዲ መርኩሪ ሕይወት

ስለ ሙዚቃ ባንድ የሚጻፍ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የጉዞ ዜና ነው። ባንዱ ትናንት የት ተጫወተ፣ ነገ ወዴት ይሄዳል፣ ስንት ሰው ገባ፣ ትኬቱ መቼ አለቀ፤ ይኼው ነው። ክዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ግን ከ1986 በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ጋዜጠኞችን ሥራ ያስያዘው በመጓዙ ሳይሆን ባለመጓዙ ነው። አልበም ያወጣል፣ ክሊፕ ይሠራል፣ ለኮንሰርት ግን መድረክ ላይ አይወጣም። ለምን? መልሱ ያለው ድምፃዊው ዘንድ ነበር፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። ለዛሬ የዚህን ሰው፣ የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት ላጫውታችሁ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬዲን ብዙ ሰው እዚያው እንግሊዝ የተወለደ ይመስለዋል። ትውልዱ ግን እዚሁ እኛው አካባቢ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1946 በዛንዚባር ደሴት፣ ስቶን ታውን ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከህንድ የመጡ ፓርሲዎችና የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆነው ይሠሩ ነበር። ያወጡለት ስም ፋሩክ ቡልሳራ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነው ባሕር አሻግረው ቦምቤይ አቅራቢያ ፓንችጋኒ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት። የስምንት ዓመት ልጅ! ፒያኖ የተማረውም፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያዋን ባንድ ያቋቋመውም፣ ፍሬዲ መባል የጀመረውም እዚያ ነው።

በ1963 ወደ ዛንዚባር ተመለሰ፤ ግን ብዙም አልቆየ። በጃንዋሪ 1964 በደሴቲቱ አብዮት ፈነዳ። ብዙ አረቦችና ህንዶች ተገደሉ። የቡልሳራ ቤተሰብ ሕይወቱን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ ሎንዶን ዳርቻ፣ ፌልታም የምትባል ቦታ አረፈ። ልጁ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤት ንብረት ጥሎ መሰደድ ምን እንደሚመስል ለኛ አገር አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ፍሬዲ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ስለ ዛንዚባር ብዙም ሲያወራ አልተሰማም።

ኢሊንግ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግራፊክስ ተምሮ በ1969 ጨረሰ። ከዚያ በኬንሲንግተን ገበያ ከሮጀር ቴይለር ጋር ያገለገለ ልብስ ሲሸጥ ቆየ። ቴይለር ከጊታር ተጫዋቹ ብሪያን ሜይ ጋር ስማይል የምትባል ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። የስማይል ድምፃዊ በ1970 ሲለቅ ፍሬዲ ገባ። ሲገባም ዝም ብሎ አልገባም፤ የባንዱን ስም ክዊን አለው፣ የራሱን ስም መርኩሪ አለው፣ የባንዱን አርማ በገዛ እጁ ሣለው። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲኮን በ1971 ሲቀላቀል አራቱ ሞሉ። እነዚሁ አራት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይለዋወጡ አብረው ሠሩ። በሮክ ዓለም ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው አልበም በ1973 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሞት ዘ ሁፕል ለተባለ ባንድ መክፈቻ ሆነው እንግሊዝን ዞሩ። በ1974 እንዲሁ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ብሪያን ሜይ የጉበት በሽታ ያዘውና ጉዞው ተቋረጠ። በ1975 ጃፓን ሲደርሱ ግን እንደ ንጉሥ ነው የተቀበሏቸው። በዚሁ ዓመት መጨረሻ ፍሬዲ የጻፈው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ወጣ። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የቀረው ዘፈን ነው፤ ያኔ ራዲዮኖች የሚፈልጉት የሦስት ደቂቃ ዘፈን ነበር። ይረዝማል ተባለ፣ ግማሹ ይቆረጥ ተባለ። እምቢ አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ታዋቂው ክሊፕም የተሠራው አንዱ ምክንያት ጉዞ ነው። ባንዱ በየከተማው እየዞረ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሄዶ መዝፈን ስለማይችል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀርጸው ምስሉን በራሳቸው ፋንታ ላኩት።

ፍሬዲ መድረክ ላይ ሌላ፣ ከመድረክ ውጭ ሌላ ሰው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ይስማማሉ። ግማሹ የተሰበረ የማይክ ዘንግ ይዞ ስታዲየሙን ከዳር እስከ ዳር የሚያስጨበጭበው ሰው እንግዳ ፊት ዓይነ አፋር ነበር። ከጋዜጠኞች ጋርም አልተስማማም። የሰባዎቹ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች በአለባበሱም በአዘፋፈኑም ሲያላግጡበት ስለኖሩ ቃለ ምልልስ መስጠቱን እየቀነሰ ሄደ። ለነገሩ ጋዜጠኛውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሕዝቡ መድረስ ይችል ነበር። በማርች 1981 ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ባንድ ምሽት ከ130 ሺህ በላይ ሰው ፊት ቆሟል። አብዛኛው ታዳሚ እንግሊዝኛ ባይችልም ዘፈኖቹን ግን በቃል ይወጣቸው ነበር።

ሁሉም ጉዞ ግን የሚያኮራ አልነበረም። በኦክቶበር 1984 ክዊን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱን ሲቲ ተጫወተ። ማንዴላ እስር ቤት ናቸው፣ አፓርታይድ በሥልጣን ላይ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት አርቲስቶች ወደዚያ እንዳይሄዱ ጠይቋል። የፍሬዲ ድምፅ ተዘግቶ የተወሰኑ ዝግጅቶች ተሰረዙ፤ አገራቸው ሲመለሱ የሙዚቀኞች ማኅበር ቀጣቸው። ባንዱ ፖለቲከኞች አይደለንም፣ የምንጫወተው ለሰው ሁሉ ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ፍሬዲን እወደዋለሁ፤ ይኼንን ግን አልቀበለውም። አፍሪካ ተወልዶ፣ ከአፍሪካ ተሰዶ፣ ያንን አለማየት ከባድ ስሕተት ነው።

በዚያው ወር ነው የኛ ነገር የመጣው። ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከውን የረሃብ ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። (መሐመድ አሚንን የኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ ሳለ አንድ እጁን አጣ፤ በ1996 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።) ያንን ዘገባ ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በመጀመሪያ የገና ዘፈን አሠራ፤ ክዊን በዘፈኑ ውስጥ አልነበረበትም። ቀጥሎ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ማለትም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤድ የተባለውን ኮንሰርት በአንድ ቀን ሎንዶንና ፊላደልፊያ ላይ አዘጋጀ። በዚህኛው ክዊን ተጠራ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ክዊን አብቅቶለታል ይል ነበር። አሜሪካ ከ1982 ወዲህ አልዞሩም፤ የሱን ሲቲም ስም ነበረባቸው። ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው። ሌሎቹ እንደ በጎ አድራጎት ነገር ቀለል አድርገው ሲያዩት እነ ፍሬዲ ቲያትር ቤት ተከራይተው፣ ዘፈኖቻቸውን አሳጥረው፣ ሰዓት ይዘው ተለማመዱ። ዌምብሌይ ስታዲየም 72 ሺህ ሰው አለ። ጊዜው ገና ቀን ነው፣ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ስለዚህ የለመዱት መብራት የለ፣ ጭስ የለ፣ ምን የለ። ነጭ ካናቴራና ጂንስ የለበሰ አንድ ሰው ብቻ። ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ስታዲየሙ የሱ ሆነ። መሐል ላይ ሙዚቃ ሳይኖር በድምፁ ብቻ እያዜመ ሕዝቡን አስከተለው፤ ሰባ ሁለት ሺህ ሰው እንደ አንድ የመዘምራን ቡድን መለሰለት። በቴሌቪዥን ከአንድ ቢሊዮን ሰው በላይ እንደተከታተለው ይገመታል። በሮክ ታሪክ ምርጡ የመድረክ ሥራ የቱ ነው ሲባል እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይኼ ነው። እኔ ባየሁት ቁጥር የሚሰማኝ ግን ድብልቅልቅ ያለ ነገር ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ከኛ ረሃብ የተነሣ ነው። ሰውየው በሙሉ ኃይሉ ሲዘፍን ኮረም ላይ ሰው እየሞተ ነበር። ቢሆንም ሥራውን አክብሮ፣ ተለማምዶ መምጣቱ ደስ ይለኛል።

በቀጣዩ ዓመት ትልቁን ጉዞ ወጡ። ከስቶክሆልም ጁን 7 ቀን 1986 ተነሥተው በአውሮፓ 26 ኮንሰርት አቀረቡ፤ ከሚሊዮን በላይ ሰው አያቸው። ቡዳፔስት ላይ፣ ያኔ በሶሻሊስት ሥርዓት ሥር በነበረችው ሀንጋሪ፣ ፍሬዲ አንድ የአገሩን ባህላዊ ዘፈን በሀንጋሪኛ ዘፈነ። ቃላቱን መዳፉ ላይ ጽፎ ነበር የወጣው፤ እንደ ፈተና አጤሬራ ማለት ነው። ኦገስት 9 እንግሊዝ፣ ኔብዎርዝ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት ዘፍነው በሄሊኮፕተር ሄዱ። ከዚያ በኋላ አራቱ አብረው አልተጓዙም።

ወዲያው ወሬው ተጀመረ። ገና በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ፍሬዲ የኤድስ ምርመራ አድርጓል ብሎ አወጣ። በ1987 ደግሞ ለዓመታት አብሮት የሠራ ሰው የግል ሕይወቱንና ከወንዶች ጋር የነበረውን ግንኙነት ለጋዜጣ ሸጠ። ፍሬዲ በሽታው እንዳለበት በሐኪም የተነገረው በዚሁ በ1987 ነው። በ2018 የወጣውን ፊልም ያያችሁ፣ ከላይቭ ኤድ በፊት አውቆ ለባንዱ ሲነግር አይታችሁ ይሆናል፤ ትክክል አይደለም። ላይቭ ኤድ ላይ ሲዘፍን አያውቅም ነበር። ለባንዱ አባላት የነገራቸውም ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። የተነገራቸውም ምሥጢሩን ጠበቁ። ጋዜጠኛ ለምን አትጓዙም ብሎ ሲጠይቅ ሌላ ሌላ ምክንያት እየሰጡ አለፉ።

እሱ ግን ሥራ አላቆመም። ከስፔናዊቷ የኦፔራ ዘፋኝ ከሞንሰራት ካባዬ ጋር «ባርሴሎና» የተባለውን አልበም ሠራ። በፌብሩዋሪ 1990 ክዊን ሽልማት ሲቀበል አብሯቸው መድረክ ወጣ፤ ከስቶ ያየው ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሩ ባለው ስቱዲዮ እየተደበቀ፣ ቆሞ መሄድ ሲያቅተው እንኳ ጥቂት ጥቂት እየቀዳ ቀጠለ። ሎንዶን ያለው ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ቀን ከሌት ይጠብቁ ነበር።

ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ቅዳሜ ማታ አጭር መግለጫ አወጣ። ኤድስ እንዳለበት፣ እስካሁን ዝም ያለው በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ለመጠበቅ እንደሆነ ገለጸ። መግለጫው እሑድ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ እሑድ ማታ ሞተ። 45 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ያለው መድኃኒት ያኔ የለም፤ በአንድ ላይ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሥራ ላይ የዋሉት ከ1996 ገደማ ጀምሮ ነው።

ቀደም ብሎ ተናግሮ ቢሆን ስንቱን ባስተማረ የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እኛም አገር እኮ ባንድ ወቅት የሞት ማስታወቂያው ሁሉ ባደረበት ሕመም እያለ ሲያልፍ፣ ያ ዝምታ ስንቱን ሰው እንደጎዳ እናውቃለን። ግን እነዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች የሚፈልጉት ትምህርት ሳይሆን የታመመ ፊት ፎቶ ነበር። እኔ የዚያን ጊዜ ዘጋቢ ብሆንና አለቃዬ ሂድ ቢለኝ አልሄድም ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ስለዚህ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ።

በኤፕሪል 1992 የቀሩት ሦስቱ ዌምብሌይ ላይ የመታሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ገቢው ለኤድስ መከላከያ ዋለ። ዲኮን በ1997 ሙዚቃ ተወ። ሜይና ቴይለር ግን ሌላ ድምፃዊ ይዘው እንደገና መንገድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ፣ ከ2011 ወዲህ ከአዳም ላምበርት ጋር። በፌብሩዋሪ 2020 ሲድኒ ላይ ለሰደድ እሳት ተጎጂዎች የላይቭ ኤዱን ዝርዝር እንዳለ ደገሙት። በፌብሩዋሪ 2024 ቶኪዮ ላይ አንድ ረጅም ጉዞ ሲያጠናቅቁም የፍሬዲ ምስል በትልቁ ስክሪን ላይ እየወጣ ሕዝቡን ያስዘምር ነበር።

አስከሬኑ በዞሮአስተር ካህናት ሥርዓት ተሸኝቶ ተቃጥሏል። አመዱን የተረከበችው የወጣትነት ፍቅረኛው፣ እስከ መጨረሻው ጓደኛው ሆና የኖረችው ሜሪ ኦስቲን ናት። የት እንዳኖረችው ለማንም አልተናገረችም። በ2013 ሎንዶን ውስጥ አንድ መካነ መቃብር ላይ ፋሩክ ቡልሳራ የሚል ትንሽ ሰሌዳ ተገኘና ጋዜጦች ተሯሯጡ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰሌዳው ተነሣ።