የእንዶዱ ሊቅ፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና የባለሙያዎቹ መስፈርት

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚመላለስ ሙስሊም ነጋዴ ዝሁር መንገድ ላይ ሲደርስበት የሚያደርገው የታወቀ ነው። መኪናው ቆም ሲል ወንዝ ይወርዳል፤ እጅጌውን ከክርኑ በላይ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሰብስቦ ውዱእ ያደርጋል። ከእሱ ከፍ ብሎ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ዝቅ ብሎ እረኞች ይዋኛሉ፤ ከብቱም እዚያው ይጠጣል። ውሃው ወራጅ ነው፤ ለውዱእ እንደሚበቃ የሚጠራጠር የለም።

ያው ውሃ ግን በዓይን የማይታይ ነገር ሊይዝ ይችላል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈልና አንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በብዛት ወጥቶ ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ እየበሳ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በፍኖተ ሰላምና በአካባቢዋ በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ትል ደጋግመው አግኝተውታል። ሆድ ይቆርጣል፤ ሰገራ ከደም ጋር ይመጣል፤ ሲቆይ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፤ ሕፃኑ ከትምህርቱም ከእድገቱም ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን ስናስብ ነው ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰው ትዝ ያሉን። የሙስሊም ሊቃውንትን ታሪክ ስናስነብብ እንደቆየን አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሙስሊም አልነበሩም። የሠሩት ሥራ ግን የተሠራው በወንዝ ዳር ውዱእ ለሚያደርገውም፣ ልብስ ለምታጥበውም፣ ለሚዋኘው ልጅም ነው፤ የደረሰባቸውም ነገር እውቀት ወዳድ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጅግጅጋ ሲሆን ያደጉት ሐረር ነው። ከሙስሊሙ ጋር ተጎራብቶ ማደግ ምን እንደሆነ ለሐረር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ተመለሱ።

በተመለሱበት ዓመት የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ዐድዋ ሄዱ። ወንዙን ሲከተሉ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተው ቀንድ አውጣ ከየትኛውም ስፍራ ይበዛል። ሴቶቹ የሚያጥቡት እናቶቻችንና አያቶቻችን ሲያጥቡበት በኖሩት በእንዶድ ነበር። የእንዶዱ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ ጋቢና ነጠላ ያነጻል። አክሊሉ ሕያው ቀንድ አውጣዎች አስለቅመው በዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናይ የምንፈልገው ነገር አለ። ዐድዋ ላይ እንዶድ በዚያ ቀን አልተጀመረም፤ ሴቶቹ ለዘመናት አጥበውበታል፤ ቀንድ አውጣውም ለዘመናት ሞቷል። አዲሱ ነገር የሰውየው ዓይን ነው፤ ከዓይናቸውም በላይ ያዩትን ወዲያው በሙከራ ማጣራታቸው ነው። ተክል ሁሉ መድኃኒት ነው እያለ በየገበያው የሚሸጥ ሰው በበዛበት በእኛ ዘመን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተለይቶ ሲወጣ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። የሥራ ጓደኛቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ ማዕዘን የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አወዳደሩና ፍሬው የበዛውንና ኃይሉ የበረታውን መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ዐድዋ ላይ የተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ነበር። ወንዙ በየጊዜው በእንዶድ ታከመ፤ ሕዝቡም ተመረመረ። ሲጀመር ከትንንሾቹ ሕፃናት ግማሹ፣ ማለትም 50 በመቶው፣ በትሉ የተያዘ ነበር፤ ሙከራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲያበቃ ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በትንንሾቹ መለካቱ በምክንያት ነው። አዋቂው የያዘው ትል ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ በቅርቡ የተወለደ ልጅ ካልተያዘ ግን ውሃው ራሱ ተሻሽሏል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመክረው ኬሚካል በአውሮፓ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። እንዶድ ግን በአጥር ላይ ይበቅላል። አክሊሉም ያሰቡት ገበሬው ራሱ አልምቶ፣ ራሱ ወቅጦ፣ የመንደሩን ወንዝ ራሱ እንዲያክም ነበር። ደስ ብሏቸው ውጤታቸውን ይዘው ወደ ዓለም ሊቃውንት ሄዱ። በሩ ግን አልተከፈተም።

የቀረበባቸው ምክንያት መስፈርት ነበር። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው ማረጋገጫ ያስፈልጋል ተባለ፤ የቀረበው ማረጋገጫ ደግሞ በታወቀው የቤተ ሙከራ ደንብ መሠረት ስላልተሠራ አይቆጠርም ተባለ። በአንድ በኩል ስናየው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ እኛም ሚዛን አጓደልን ማለት ነው። ሰውና ከብት የሚጠጡት ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ በአገራችን ሴቶች ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጡት የተጎዱበት ነው። የቀንድ አውጣውንም እንቁላል እንደ እናቲቱ አይገድልም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። እነዚህ የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም ይፈልጋሉ። አክሊሉ ራሳቸው ከጥያቄው አልሸሹም፤ እንዶድ የዘር ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማጣራት በዚህ ምርመራ ስሙ ከገነነው ከአሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ ጋር ሠርተው በ1975 አሳትመዋል።

ጥያቄው መስፈርቱ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። የቤተ ሙከራ ደንቡ የወጣው በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ነው። ኢሊኖይ የሚገኝ ኢንዱስትሪያል ባዮቴስት የተባለ ታላቅ የምርመራ ኩባንያ ለመድኃኒትና ለኬሚካል አምራቾች የሐሰት ውጤት ሲሰጥ ተደረሰበት። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ደንቡን አጸደቀ፤ ሀብታሞቹ አገሮችም በ1981 የጋራቸው አደረጉት። የዐድዋው ሙከራ ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። ገና ባልተጻፈ ደንብ መመዘን ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ አንባቢ ይመልከተው። እዚያ የበለጸጉት ባጭበረበሩበት የተበጀ ቁልፍ እዚህ ባላጭበረበረው ላይ ተቆለፈ። ደንቡን ለማሟላት የሚፈለገው ገንዘብና መሣሪያ ደግሞ አዲስ አበባ አልነበረም፤ አሟሉ ያሉትም ለብዙ ዓመታት ማሟያውን አልሰጡም።

አክሊሉ በኋላ ባደረጓቸው ንግግሮች ትልቁ እንቅፋት ሳይንሱ እንዳልነበረ፣ አፍሪካዊ ቤተ ሙከራ የሚያወጣውን ውጤት ለማመን የነበረው እምቢታ እንደነበረ በምሬት አስረድተዋል።

ይህን ስናነብ በኛ ዘንድ ያለውን የምዘና ጥበብ ማስታወሳችን አልቀረም። የሐዲሥ ሊቃውንት ዘጋቢን የሚመዝኑበት ጀርሕ ወተዕዲል የሚባል ዘርፍ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የቂርአት ሰው ያውቀዋል። ዘጋቢው እውነተኛ ነው ወይ? የሰማውን በትክክል ይዟል ወይ? ካስተላለፈለት ሰው ጋር ተገናኝቷል ወይ? አንዱ ሲጎድል ዘገባው ይደክማል፤ ታላቅ ሰው ነው ተብሎ አይታለፍም። ነገር ግን የማን ዘር ነው፣ ከየት አገር መጣ የሚለው ዘገባን መጣያ አልነበረም። ናፊዕ የኢብን ዑመር ነጻ የወጣ ባሪያ ነበር፤ ኢማም ማሊክ ከናፊዕ፣ ናፊዕ ከኢብን ዑመር የሚለው ሰንሰለት ግን ወርቃማው ሰንሰለት ተብሎ ይጠራል። የመካው ሙፍቲ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ጥቁር ነበሩ፤ በሐጅ ጉዳይ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ጥብቅ መስፈርትና ፍትሐዊ መስፈርት አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አንፈልግም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። አክሊሉ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገብተው ሳይንስና ቴክኖሎጂን ለልማት በሚያውለው ክፍል፣ በኋላም በዩኒሴፍ አገለገሉ። እንዶድን ግን አልተዉም። በ1986 በዛምቢያ ሉሳካ ስለ እንዶድ ብቻ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደና የሚያስፈልጉት ምርመራዎች አንድ በአንድ ተዘረዘሩ። ከዚያ በካናዳ መንግሥታዊ የምርምር ድጋፍ ድርጅት ገንዘብ ምርመራው በደንቡ መሠረት ተሠራ። ውጤቱ በ1991 ሲታተም ዓይንን ከማቃጠልና ዓሣን ከመግደል በቀር በተገቢው መጠን ከተያዘ ለሰው የሚያሰጋ እንዳልሆነ አሳየ። የዐድዋ ሴቶች አረፋውን ዕቃ ውስጥ ከጨመሩበት ቀን ሃያ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓለም ሌላ መንገድ ይዟል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን መጥቶ ሐኪሞች ወንዙን ከማከም ሰውን ወደ ማከም አዘንብለዋል። ክኒኑ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሕፃኑ ግን ከዳነ በኋላ ወደዚያው ውሃ ይመለሳል።

በ1989 ፕሮፌሰር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጠራቸው። እዚያ ሲሄዱ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት አገሩን አስቸግሮ አገኙት። እንዶድ ተሞከረበት፤ ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ። ለዐድዋ ሕፃናት ሲሆን ዓመታት የፈጀው ተክል ለአሜሪካ ቧንቧ ሲሆን ወዲያው ባለቤት አገኘ፤ የተክሉ አገር ምን ድርሻ አላት የሚለው ጥያቄም በዓለም አከራከረ።

አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል፤ በቢልሃርዚያም ላይ ጥናቱ አልቆመም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር እንዶድ አሁንም በአጥርና በወንዝ ዳር አለ። ልብስ ማጠቢያው ግን የዱቄት ሳሙና ሆኗል፤ ሳሙናው ልብሱን ያነጻል እንጂ ቀንድ አውጣውን እንደ እንዶድ አይገድልም። ከወንዝ ውዱእ ማድረግ ግድ ለሆነበት ወገናችን ከባለሙያዎች የምናስተላልፈው አንድ ነገር አለ፦ ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ካላገኘ በውሃ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ በጀሪካን ተቀድቶ ሁለት ቀን ያደረ ውሃ፣ ወይም ፈልቶ የበረደ፣ ከዚህ ትል ነጻ ነው። በመንገድ ያለ ሰው ከቤቱ የሞላውን ጀበና ይዞ ቢወጣ ወንዝ መውረድ አያስፈልገውም።