ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ የተዘነጉት ጸሐፌ ተውኔት

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሲነሣ፣ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡትን የመጀመሪያይቱን ሴት እንደራሴ ነው። ክብሩ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ይህ ማዕረግ ሌላውን ሥራቸውን ሸፍኖታል። ወይዘሮ ስንዱ ደራሲ ነበሩ፤ ተውኔትና ግጥም በአማርኛ ጽፈው በማሳተም ረገድ ለኢትዮጵያውያት እኅቶቻቸው በር ከከፈቱት ወገን ናቸው።

የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩ፣ የውጭ አገር ቋንቋ ዐዋቂና የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጅን ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር ባልተለመደበት ዘመን፣ ልጃቸው በስዊዘርላንድ እንዲማሩ አደረጉ። ወይዘሮ ስንዱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የፋሺስት ወረራ መጣ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ፣ እርሳቸው በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጎሬ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በኋላም ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በአዚናራ ደሴትም ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ በማስተማር ሥራ ተሰማርተው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ለመሆን በቁ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ተውኔት ይደርሱ ነበር። በከተማው መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት በዚያ ዘመን፣ ልጃገረዶችን በሕዝብ ፊት ቆሞ ለመናገር ማብቃት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1942 ዓ.ም. ተውኔትና ግጥም የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ» አሳተሙ። ኋላም በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

ታዲያ ደራሲነታቸው ስለ ምን ተዘነጋ? እኛ መሐንዲሶች፣ ንድፉ ተጠብቆ ያልተቀመጠ ሕንፃ አንድ ጊዜ ከፈረሰ መልሶ እንደነበረ ለመሥራት እንደሚያስቸግር በሥራችን እናውቃለን። ለትምህርት ቤት በዓል የተደረሰ ተውኔትም እንዲሁ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው ያበቃል፤ ጽሑፉ ካልታተመ ወይም ታትሞ ካልተደገመ፣ የሚቀጥለው ትውልድ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ይህ ዕጣ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ወይዘሮ ስንዱ በተወለዱበት በዚያው ዓመት፣ የጥቁር አሜሪካዊቷ የአንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ «ሬቸል» የተሰኘ ተውኔት በዋሽንግተን ታየ። ግሪምኬ ለሴቶች የጻፈቻቸው የፍቅር ግጥሞች ግን በሕይወት ሳለች ለኅትመት ሳይበቁ በወረቀት ክምር ውስጥ ቀሩ፤ እርሷም ለረጅም ጊዜ ተረሳች። የሁለቱ ሕይወት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሆኖም የግሪምኬን ሥራ ኋላ ተመራማሪዎች ከማኅደር አውጥተው ለአንባቢ አቀረቡት፤ ትምህርት የሚሆነንም ይኸው ነው።

የምንኖርበት የንፋስ ስልክ ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ነው። የተላከ መልእክት ተቀባይ ካላገኘ ባክኖ ይቀራል። የወይዘሮ ስንዱም መጽሐፍ ተቀባይ ይሻል። ከማኅበራችን አባላት መካከል ቅጂው በቤቱ ያለው ቢኖር ለቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ፣ ልጆቹን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤትም አንዱን ተውኔት ለዓመቱ በዓል ቢያዘጋጅ፣ ለደራሲዋ ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ ይሆናቸዋል።