በብረት ውስጥ ዛፍ ያየው ሰው

እህቴ፣ ለወላጆችሽ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ገንዘብ ልከሽ ይሆናል። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት አበባ ወይም ላባ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ጥለት ይታይበታል (አሁን አሁን ጥለት የሌለውም ይመጣል)። ያንን ጥለት ማንም አልሳለውም። ቆርቆሮው የተነከረበት የቀለጠ ዚንክ ሲረጋ በራሱ ያበቀለው ነው። በወፍራም ብረት ሆድ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር እንደሚበቅል ያስረዳን ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቼርኖቭ ነው። ዛሬ የእሱን ሕይወት ላጫውትሽ።

ቼርኖቭ በ1839 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ የሕክምና ረዳት ነበር። በከተማው የቴክኖሎጂ ተቋም ተምሮ በ1858 ጨረሰ፤ እዚያው ሲያስተምር ቆይቶ በ1866 ኦቡኾቭ በተባለ የብረት ፋብሪካ ተቀጠረ። የተመደበው የጋለ ብረት በትልልቅ መዶሻ በሚቀጠቀጥበት ክፍል ነበር።

ፋብሪካው በዚያን ጊዜ ጭንቅ ላይ ነበር። የሚሠራው መድፍ አንዱ ብዙ ተኩስ ሲችል ሌላው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም ይፈነዳል። መድፍ ሲፈነዳ አጠገቡ የቆመው ሰው ምን እንደሚሆን አስቢው። ቼርኖቭ ስብርባሪውን እያነሳ ውስጡን ተመለከተ። የደከመው ብረት ፍሬው ትልልቅና ሻካራ፣ የጠነከረው ደግሞ ደቃቅ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ ብረቱ ሲቀጠቀጥ ከነበረው ሙቀት የመጣ ነበር። የጋለውን ብረት ቀለም በዓይኑ እየለየ፣ አረብ ብረት ጠባዩን የሚለውጥባቸው የሙቀት ደረጃዎች እንዳሉ ደረሰበትና በ1868 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። (በአማርኛችን ጠንካራውን ብረት አረብ ብረት ማለታችን፣ አረብኛ ለተማርኩት ለእኔ ሁሌም ደስ ይለኛል።)

ግን ብረቱ ገና ከቀለጠበት ወጥቶ ሲረጋስ ምን ይሆናል? ይህን በ1878 መለሰ። የቀለጠው ብረት መጀመሪያ የሚረጋው ቀዝቃዛውን የቅርጽ ማውጫ ግድግዳ በነካበት በኩል ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ክሪስታሎች ይበቅላሉ። ብረቱ ሲረጋ በውስጡ ያለውን ካርቦንና ድኝ በከፊል ወደ ቀረው ፈሳሽ ይገፋዋል፤ የተገፋው ነገር የተጠራቀመበት ፈሳሽ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ ትንሽ ወጣ ያለ ጫፍ ካለ፣ ካልተጨናነቀው ፈሳሽ ጋር ስለሚገናኝ ከሌላው ይቀድማል። ግንድ ይሆናል። ከጎኑ ቅርንጫፎች ያወጣል፣ ቅርንጫፎቹም ሌላ ቅርንጫፍ። ሳይንቲስቶች ደንድራይት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ ዛፍ ከሚለው የመጣ ነው። አረብኛውም ሹጀይሪ ሲለው፣ በየቀኑ የምትሰሚውን ሸጀራ ታገኚበታለሽ።

በቅርንጫፎቹ መካከል መጨረሻ ላይ የሚረጋው ፈሳሽ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ቆሻሻው የሚከማቸው እዚያ ነው። ብረት ሲረጋ ስለሚኮማተርም ጥቃቅን ክፍተት ይቀራል። ያ ቦታ እንዲሁ ከተተወ ስንጥቅ ሊጀምርበት ይችላል።

ዛፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ረግቶ ይሸፍነዋል። አንድ ጊዜ ግን የቼርኖቭ ተማሪ የነበረ ሰው 100 ቶን በሚመዝን ድፍን ብረት ውስጥ፣ ብረቱ ተኮማትሮ በተወው ባዶ ቦታ፣ ከነቅርንጫፉ የቆመ ዛፍ አገኘና ለመምህሩ ሰጠው። ርዝመቱ 39 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 3.45 ኪሎ ነበር። ብረት በብረት ላይ የበቀለ ጽድ ይመስላል። ፎቶውን ብታዪ ማንም አልቀረጸውም ብትባይ አታምኚም።

ቼርኖቭ በ1880 ከፋብሪካው ወጣ። ወደ ደቡብ ወርዶ በባኽሙት አካባቢ የድንጋይ ጨው ፈለገ፣ አገኘም። ከ1889 ጀምሮ በመድፈኞች አካዳሚ አስተማረ። ቫዮሊንም በእጁ ይሠራ ነበር፤ እኔ እንኳ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። በጥር 1921 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በያልታ ከተማ ሞተ። ያ ዛፍ እስከ ዛሬ የቼርኖቭ ክሪስታል ይባላል።