ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን፦ የእናቶች ባለውለታ

ማኅበራችን የተመሠረተበትን 10ኛ ዓመት ስናከብር፣ ለወገናችን መልካም ሠርተው ያለፉትን ማስታወስ ተገቢ ነው። በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ አልነበሩም፤ ነገር ግን የዕድሜያቸውን የመጨረሻ 34 ዓመታት የሰጡት ለኢትዮጵያ እናቶች ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1908 በኒው ዚላንድ ተወለዱ። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሳሉ ኤክላምፕሲያ የተባለውን ሕመም በጥብቅ ያጠኑ ነበር። ይህ ሕመም የነፍሰ ጡሯ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ሰውነቷን የሚያንቀጠቅጥ፣ እናትንም ልጅንም የሚገድል ነው። ዶክተሩ ሕመሙ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መከላከልን መረጡ። ነፍሰ ጡሮች በየጊዜው እየተመረመሩ ክብደታቸው እንዲለካ፣ አመጋገባቸውም እንዲስተካከል አደረጉ። ኤክላምፕሲያ ከሆስፒታሉ ሊጠፋ ተቃረበ። ውጤቱንም በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ስለ አመጋገብ የሰጡትን ምክር የኋላ ጥናቶች በሙሉ ባይቀበሉትም፣ ነፍሰ ጡርን በቅርብ መከታተል ዛሬም የሚሠራበት ነው።

በዚያው ሆስፒታል የተዋወቋቸውን ዶክተር ካትሪን ኒኮልሰንን በ1950 አገቡ። ከዓመታት በኋላ፣ በዚያው በላንሴት መጽሔት፣ በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አነበቡ። ሆስፒታሉ የተሰየመው በነርስነት ሠልጥነው ባገለገሉት፣ በ1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ባረፉት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስም ነበር። ባልና ሚስቱ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው በ1959 አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የ3 ዓመት ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን በአገራቸው አይተውት የማያውቁት ጉዳት ገጠማቸው፤ ፊስቱላ። ምጥ ያለ ረዳት ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት በፊኛና በሴት ብልት መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል። ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር ትሳናለች፤ ባል ይተዋታል፣ ጎረቤት ይሸሻታል። የብዙዎቹ ዕድሜ ገና ከሃያ ያልዘለለ ነበር። ከገጠር የመጣን ሰዎች ከጓሮ በተሠራች ጎጆ ተሸሽጋ የምትኖር፣ ስሟ የማይነሣ ሴት ሳናውቅ አንቀርም።

ዶክተሩ ይህን ቀዶ ሕክምና የተማሩት በ50ዎቹ ዕድሜያቸው ነው። ባልና ሚስቱ የግብፃዊውን ሐኪም የፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝን ሥራዎችና ሥዕሎች አጠኑ። ከዚያ በኋላ ግን አስተማሪ የሆኗቸው ታካሚዎቻቸው ናቸው። በ1966 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ 600 ፊስቱላዎችን በማከም ያገኙትን ልምድ፣ እንዲሁም ከዳኑ በኋላ ያረገዙ ሴቶችን 80 ምጦች ዘገቡ። የዳነች ሴት ዳግም እናት ልትሆን እንደምትችል የሚያሳይ ሥራ ነበር። በ1969 ደግሞ በምጥ ፈጽሞ የጠፋን የሽንት ቧንቧ እንደገና ስለ መሥራት በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ጻፉ።

በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ ሕክምናውም በነፃ ሆነ። በዚያው ዓመት አብዮት ፈነዳ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ለቀው ሲሄዱ እነርሱ ከሥራቸው አልተነሡም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዕውቀታቸውን የሰጡበት መንገድ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊስቱላ ተጎድተው የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ልጅ ነበሩ። ከዳኑ በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው በቀዶ ሕክምና ክፍል ማገዝ ያዙ። ዶክተር ሃምሊን የእጃቸውን ብልሃት አይተው ራሳቸው አስተማሯቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ውለው አድረው ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ።

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1993 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ሥራው ግን አልቆመም። ባለቤታቸው እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 2020 ድረስ ቀጠሉበት። ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ከፈተ፤ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታከሙ። በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ዶክተሩ በ1959 የመጡበት ዓላማ አዋላጆችን ማሠልጠን እንደነበር ልብ ይሏል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሆስፒታሉን ለመርዳት በ2000 በአሜሪካ የተቋቋመው የፊስቱላ ፋውንዴሽን ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ጎረቤታችን ሳን ሆዜ ነው። አሜሪካም ብትሆን ይህ ሕመም ያልነካት አገር አልነበረችም፤ በ1855 በኒው ዮርክ ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። ሕመሙ የጠፋው ምጥ የጸናባት እናት ሐኪም ዘንድ በጊዜ መድረስ ስትችል ነው። በአገራችንም የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከሬድውድ ሲቲ ወደ አገር ቤት ስንደውል፣ ነፍሰ ጡር ዘመድ ካለች ክትትል መጀመሯን እንጠይቅ፤ ጤና ጣቢያ የምትደርስበትን መጓጓዣ አስቀድመን እናስብላት። ዶክተር ሃምሊንን ማክበር እንዲህ ነው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።