ማክስ ሊንደር፦ የድምፅ አልባ ፊልም ቀልደኛ ሕይወትና የሥራዎቹ ዕጣ

ለድምፅ አልባ የፊልም ቀልድ መሠረት ከጣሉት ተዋንያን መካከል ፈረንሳዊው ማክስ ሊንደር ቀዳሚ ስፍራ አለው። ዛሬ ግን ስሙ ከቻርሊ ቻፕሊን እጅግ ባነሰ ይታወቃል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የፊልሞቹ መጥፋት እንደሆነ የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል።

ሊንደር እ.ኤ.አ. በ1883 በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ ከወይን አምራች ቤተሰብ ተወለደ። ትያትር ከተማረ በኋላ በ1905 ወደ ፓቴ የፊልም ኩባንያ ገብቶ «ማክስ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ማክስ የሐር ባርኔጣ የሚደፋ፣ ከዘራ የሚይዝ ጨዋ ሰው ሲሆን፣ ክብሩን ለመጠበቅ በተጨነቀ ቁጥር የባሰ ይዋረዳል። የዘመኑ ቀልድ በአመዛኙ በመውደቅና በመሯሯጥ ላይ የቆመ ነበር፤ ሊንደር ግን በዐይንና በትከሻ ጥቂት እንቅስቃሴ ማሳቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1921 በሠራው «የሰባት ዓመት መጥፎ ዕድል» በተሰኘው ፊልም መስታወት ይሰበራል፤ ጥፋቱን ለመሸሸግም ሌላ ሰው ከባዶው ክፈፍ ጀርባ ቆሞ የማክስን እንቅስቃሴ እየተከተለ ያስመስላል። ቻፕሊንም ራሱን የሊንደር ደቀ መዝሙር አድርጎ ይቆጥር ነበር።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የሊንደርን ጤና ጎዳው፤ በአሜሪካ ያደረገው ሙከራም የቀድሞ ዝናውን አልመለሰለትም። በ1925 እርሱና ባለቤቱ በፓሪስ በአሳዛኝ ሁኔታ ሲሞቱ ልጃቸው ሞድ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ፊልሞቹም ብዙ አልቆዩም። በደብረ ወርቅ ማርያም ያሉትን የመሰሉ የብራና መጻሕፍት መቶ ዓመታትን ሲሻገሩ፣ የዚያ ዘመን የናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቃጠላል፤ በመጋዘን ውስጥም ይበሰብሳል። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ደግሞ ብዙው ዋጋ አጥቶ ተጣለ፤ ከፊሉም በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሲባል ጠፋ።

የተረፉትን ያተረፈው የንግዱ ሥርዓት ነው። ፓቴ እስከ 1907 ድረስ ቅጂዎቹን ከማከራየት ይልቅ ይሸጥ ስለነበር በየአገሩ ተበተኑ። ከ1922 ጀምሮም የቆዩ ቀልዶችን ለቤት ውስጥ ማሳያ በሚሆን፣ በቀላሉ በማይቀጣጠል የ9.5 ሚሊ ሜትር ፊልም ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ቅጂዎች በግለሰብ ሰብሳቢዎች እጅ ቆዩ። አባቷን ሳታውቅ ያደገችው ሞድም ፊልሞቹን ማሰባሰብን የዕድሜ ልክ ሥራዋ አደረገች፤ በ1963 እና በ1983 ለሕዝብ ባቀረበቻቸው ሁለት ፊልሞች አባቷን ዳግም አስተዋወቀች።

ሊንደር ከሠራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ስለዚህ የፊልም ቀልድን ታሪክ የሚመረምር ሰው የተረፈውን የተሠራው ሁሉ አድርጎ መውሰድ አይገባውም።