ሉዊ ማርቲን፦ ልጆቹን አንድ በአንድ የሸኘ አባት

የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ በየቁምስናችን የታወቀች ናት። አባቷን ሉዊ ማርቲንን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በልጁ ስም ብቻ ነው። በዚህ እትም ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣነው ቅድስት ስለ ወለደ አይደለም፤ አድገው የየራሳቸውን መንገድ የመረጡ ልጆቹን እንዴት እንደ ሸኘ ለወላጆችም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሊነገር የሚገባ ስለ መሰለን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ኦገስት 22 ቀን 1823 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ከወታደር አባት ተወለደ። በወጣትነቱ በስዊስ ተራሮች ላይ ወደሚገኘው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ገዳም ሄዶ ለመመንኰስ ጠየቀ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የላቲን ቋንቋ እንዲማር ተነግሮት ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀረ። ከዚያም በአላንሶን ከተማ የሰዓት ሠሪ ሱቅ ከፈተ። በ1858 ዳንቴል ሠሪዋን ዘሊ ጌረንን አገባ፤ እርሷም ቀደም ሲል ገዳም ለመግባት ጠይቃ ያልተፈቀደላት ነበረች። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራቱ በልጅነታቸው ሞቱ። ኦገስት 28 ቀን 1877 ዘሊ በጡት ነቀርሳ ባረፈች ጊዜ ሉዊ በ54 ዓመቱ ከአምስት ሴቶች ልጆቹ ጋር ብቻውን ቀረ። ታላቂቱ ማሪ 17 ዓመቷ ነበር፤ ታናሺቱ ተሬዝ ገና አምስት አልሞላትም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ወዳጆቹንና የለመደውን ኑሮ ትቶ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ወንድም ቤተ ሰብ አጠገብ እንዲያድጉ ወደ ሊዝዩ ከተማ ተዛወረ። አምስት ዓመት ያህልም ቤቱ ሙሉ ሆኖ ቆየ።

መጀመሪያ የሄደችው ሁለተኛዪቱ ልጅ ፖሊን ናት፤ ኦክቶበር 2 ቀን 1882 በሊዝዩ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገባች። ከአራት ዓመት በኋላ ማሪ ተከተለቻት። ይህ ለአባትየው የከበደ ነበር። ከእናታቸው ሞት ጀምሮ የቤቱን ሥራ የምትመራው፣ ታናናሾቿንም የምታሳድገው እርሷ ስለ ነበረች ማሪ ከእርሱ ትለያለች ብሎ አላሰበም ነበር። አዘነ፤ አልከለከላትም።

አንዳንድ ሰው፣ ልጆቹን ለእግዚአብሔር ስለ ሰጠ መለየቱ ቀላል ሆኖለት ነበር ይል ይሆናል። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ልጅን ለጋብቻም ሆነ ለገዳም፣ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ የሸኘ ወላጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያየው ያው ባዶ ወንበር ነው።

የሦስተኛዪቱ የሌዮኒ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ይነካዋል። ሌዮኒ በትምህርትም በጠባይም ከእኅቶቿ ይልቅ ወላጆቿን ያሳሰበች ልጅ ነበረች። ማሪ ከመግባቷ ጥቂት ቀን በፊት፣ በኦክቶበር 1886፣ ቤተ ሰቡ ወደ አላንሶን በሄደበት ጊዜ ሳይታሰብ ወደ ቅድስት ክላራ ደናግል ገዳም ገባች። ይህንን ለሌሎቹ ልጆች ማስታወቅ ለአባትየው ደረሰው። ነገሩ ለእርሱም እንግዳ ሆኖበት ነበር፤ ነገር ግን ማሪ እጅግ መከፋቷን አይቶ በሌዮኒ ላይ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር በየዋህነት ነገራቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌዮኒ የገዳሙን ኑሮ መቻል አቅቷት ተመለሰች። በጁላይ 1887 ደግሞ በካን ከተማ ወደሚገኘው የማርያም ጉብኝት ገዳም ገባች፤ በጃንዩወሪ 1888 እንደ ገና ተመለሰች። በሁለቱም ጊዜ የአባቷ ቤት ክፍት ሆኖ ቆያት። ስለ ሉዊ ሲነገር ሰዎች የሚያነሡት ልጆቹን መሸኘቱን ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ሳይሳካላት የተመለሰችውን መቀበሉ ከዚያ አያንስም።

በሜይ 1887 መጀመሪያ ላይ ሉዊ አካሉን ለጊዜው ያሰረ ሕመም ያዘው። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን፣ በበዓለ ጰራቅሊጦስ፣ የ14 ዓመቷ ተሬዝ በአትክልቱ ቦታ ከጎኑ ተቀምጣ እያለቀሰች ወደ ቀርሜሎስ ለመግባት እንዲፈቅድላት ለመነችው። ዕድሜዋ ገና መሆኑን አስታወሳት፤ ምክንያቷን ከሰማ በኋላ ግን ፈቀደ። ከዚያም ከዝቅተኛው ግንብ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ነቅሎ ሰጣት፤ አበባዪቱ ከነሥሯ ስለ ወጣች፣ ተሬዝ በሌላ መሬት ለመተከል የተዘጋጀች ሆና እንደ ታየቻት ኋላ ጽፋለች።

ፈቃዱም በቃል ብቻ አልቀረም። የገዳሙ አለቃ ካህን ዕድሜዋ ይሙላ ብለው ስለ ከለከሉ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1887 ልጁን ይዞ ወደ ባዩው ጳጳስ ወደ ብፁዕ አቡነ ሁጎኒን ዘንድ ሄደ። ጳጳሱ ልጅቱ ከአባቷ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ብትቆይ አባትየውን ደስ የሚያሰኙት መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ልጁ መሄድ ሲማልድ ሰምተው ተደነቁ። ቀጥሎም በኖቬምበር ከሴሊንና ከተሬዝ ጋር ወደ ሮም ነገደ፤ በዚያም ተሬዝ ልመናዋን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ፊት አቀረበች። የጳጳሱ ፈቃድ ዘግይቶ ደረሰ። ኤፕሪል 9 ቀን 1888 በገዳሙ ደጃፍ ተሬዝ ለቡራኬ በተንበረከከች ጊዜ አባቷም ራሱ ተንበርክኮ፣ እያለቀሰ ባረካት።

አራተኛዪቱ ሴሊን ሥዕል ትወድ ስለ ነበር በዚያው ዓመት በጁን ወር በፓሪስ እንድትማር ሊልካት አሰበ፤ እርሷ ግን የልቧ አሳብ ቀርሜሎስ መሆኑን ገለጠችለት። ይህንንም ተቀበለ። ጥቂት ቀናት አልፈው ግን ሕመሙ አእምሮውን ነካው፤ ከቤት ጠፍቶ በለ ሃቭር ከተማ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1889 በካን ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወስዶ ከሦስት ዓመት በላይ በዚያ ተቀመጠ። የሊዝዩ ሰዎች ያሳመመው የልጆቹ፣ ይልቁንም የታናሺቱ መሄድ ነው እያሉ ያሙ ነበር፤ ሐሜቱም እስከ ገዳሙ ቅጥር ድረስ ዘልቆ ልጆቹን አቈሰላቸው።

አሁን ጠባቂዎቹ ልጆቹ ሆኑ። ሴሊንና ሌዮኒ በአጠገቡ ለመሆን በካን ለወራት ተቀመጡ። በሜይ 1892 መራመድ ተስኖት ወደ ሊዝዩ ተመለሰ፤ በገዳሙ ያሉትንም ሦስት ልጆቹን ለመጨረሻ ጊዜ አያቸው። ሴሊን የራሷን ጥሪ አቆይታ እስከ ፍጻሜው አገለገለችው። ጁላይ 29 ቀን 1894 አረፈ፤ ሴሊንም በሴፕቴምበር 14 ወደ ቀርሜሎስ ገባች።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ኦክቶበር 18 ቀን 2015 ሉዊንና ዘሊን በአንድነት ቅዱሳን ብለው ዐወጁ። ሌዮኒ በ1893 ለሦስተኛ ጊዜ ገብታ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጥታ ነበር። በጃንዩወሪ 1899 ለአራተኛ ጊዜ የካኑን ገዳም ደጅ አንኳኳች፤ በ1941 እስከ ሞተችበትም ቀን ከዚያ አልወጣችም።